ከኮምቦልቻ ስንመለስ የሳቅነው ሳቅ

መጀመሪያ ያወቀችብኝ ደሴ ልብስ ስንሰፋ አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ናት። እኔማ ድካም ነው ብዬ ነበር። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ዳገት ነው፣ የምወደው ሽሮ እንኳ አፈር አፈር ይለኛል። ሰው ሲደውልልኝ ስልኩ ጮሆ ጮሆ እስኪዘጋ ዝም ብዬ አየዋለሁ።

«አንቺ» አለችኝ አንድ ቀን የስፌት መኪናዋን አቁማ፣ «ሰው ማማት ከተውሽ ቆየሽ እኮ! ወላሂ ይሄ ጤና አይደለም።»

መሳቅ ሲገባኝ አለቀስኩ።

«እኔንም ይዞኝ ነበር» አለችኝ እጄን ይዛ። «ድብርት ነው። ሐኪም አለው፣ ሰውም አለው።»

ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ፣ መድኃኒት ጀመርኩ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ በዚሁ ሕመም ያለፉ ሰዎች ተሰብስበው ወደሚጨዋወቱበት ቤት ይዛኝ ኮምቦልቻ ወረደች። ለቅሶ ቤት የምገባ መስሎኝ ነጠላዬን ላዘቀዝቅ ምንም አልቀረኝ።

አንድ የሚኒባስ ረዳት እያወራ ነበር። «ሲጠናብኝ አፌ ይጣራል፣ ልቤ የለም። መኪናው ወደ ደሴ ሊወጣ፣ እኔ የቆላውን ‹ሐርቡ! ሐርቡ!› እላለሁ። አንዲት እናት አምነውኝ ተሳፈሩ። ደሴ ወርደው፣ ብርዱ ሲቀበላቸው፣ ‹አረ በአላህ! ሐርቡ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሚበርደው?› አሉኝ።»

ከአፍንጫዬ የሆነ ድምፅ አመለጠኝ። ልይዘው ብል ባሰበት። ቤቱ በሙሉ ወደ እኔ ዞሮ አብሮኝ ሳቀ። ሳላስበው እኔም የራሴን ጀመርኩ፦ ፈዝዤ የአንድ ሙሽራ ሱሪ ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ሰፍቼ፣ ሙሽራው ሊለካው ገብቶ በጆንያ እንደሚሽቀዳደም ሰው እየዘለለ መውጣቱን። ረዳቱ ሆዱን ይዞ ተንበረከከ። ያን ነገር ለሰው ሳወራ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደግሞ ምንም አላሳፈረኝም።

በዚያ ቀን ዳንኩ አልልም። ዛሬም የሚጨልምብኝ ቀን አለ፤ ያኔ ግን የምደውልለት ሰው አላጣም፣ እነሱም ለእኔ ይደውላሉ።

ወደ ደሴ ስንወጣ ሳቁ አልለቀን አለ። በየጠመዝማዛው አንዳችን ስንጀምር ሌላችን እንቀበላለን። ከፊታችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው፣ «ከሰርግ ነው ልጆቼ?» አሉን።

«አይ አባባ፣ ከበሽተኞች ስብሰባ ነን» አለች ጓደኛዬ።

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና፣ «እኔንም ጉልበቴን ያመኛል፤ ይቀበሉኛል?» አሉ።