እጄን ያወጣሁ ዕለት

ስደት ማለት ባሕር የተሻገረ ሰው ታሪክ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኔ የተሻገርኩት ሻሸመኔን ብቻ ነው። ቢሆንም ይኸው ስደተኛ ሆኜ እጽፍላችኋለሁ፤ ሮቤና ጎባ ላላችሁ ጓደኞቼ፣ ደግሞም እንደ እኔ ሻንጣ አንጠልጥላችሁ ወደ ፋብሪካ ከተማ ለምትመጡ። የከተማውን ስም አልጠራውም፣ እዚያ ፋብሪካ ውስጥ አሁንም የሚሠሩ ልጆች አሉና።

ከቤት በወጣሁበት ዋዜማ፣ እራት ከተበላ በኋላ፣ እናቴ በቅቤ ያሸችውን የገብስ ጭኮ በፌስታል ላይ ፌስታል እየደረበች ትጠቀልላለች። ታናሽ እህቴ ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብላ ዚፑን ትታገላለች። ከአባዬ በኩል የሚሰማው ሳሉ ብቻ ነው።

በመጨረሻ፣ «እዚያ ፋብሪካ የሠራተኛ ማህበር ይቋቋም የሚል ሰው ይመጣ ይሆናል» አለኝ። «ሲመጣ ሌሎቹ የፈለጉትን ያድርጉ። አንቺ እጅሽን እንዳታወጪ።»

«እንዴ፣ ልጅቷን በመንገዷ ዋዜማ አታስፈራራት» አለች እናቴ።

«አላስፈራራኋትም። የማውቀውን ነው የነገርኳት።»

የሚያውቀውን መላው ሰፈራችን ያውቀዋል። አባዬ ሮቤ ውስጥ የዱቄት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፣ የማህበሩም ጸሐፊ። የዱቄቱ ብናኝ የሠራተኞቹን ሳንባ ስለጨረሰው ማህበሩ የአፍ መሸፈኛና አቧራ የሚያወጣ ማራገቢያ ጠየቀ። ጭቅጭቁ ከረረ። ባለቤቱ አንድ ቀን በሩን ዘጋ፣ ማሽኖቹን በከባድ መኪና ጭኖ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አብረውት ይሠሩ ከነበሩት አንዳንዶቹ አባዬን ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። «እንጀራችንን የዘጋው እሱ ነው» ይላሉ።

እናቴ በዚህ አትስማማም። «ሰውየው ድሮም ሊሄድ አስቦ ነበር። ማህበሩ ባይኖር ኖሮ ጎባ ሆስፒታል ስትተኛ ማን ያሳክምህ ነበር?» ትለዋለች። እኔ ይህን ክርክር እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ሁለቱንም ወገን ሆኜ መከራከር እችላለሁ፣ ለየትኛው እንደምፈርድ ግን አላውቅም ነበር።

ጎህ ሲቀድ አውቶቡሱ ዲንሾ ላይ ሲቆም ሀዊ በጋቢ ተጀቡና ገባች። ሀዊ የዲንሾዋ አክስቴ ጎረቤት ልጅ ናት። በየዓመቱ አክስቴ ጋ ለገብስ አጨዳ ስሄድ አብረን ነበርን። ከአፏ ጭስ እየወጣ «አካም ጅርታ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝና አጠገቤ ተለጠፈች። መስኮቱ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። ከሻሸመኔ በኋላ ግን ሙቀቱ መጣ፣ ጋቢው ወረደ፣ ሹራቡ ወረደ፣ የእናቴ ጭኮም ቀለጠ። ቅቤው ከፌስታሉ አምልጦ ወለሉ ላይ ሄደ።

ከፊታችን የተቀመጠ ሰውዬ ዞሮ «የማን ቅቤ ነው ጫማዬን የሚቀባው?» አለ።

«የባሌ አገር ቅቤ ነው» አለች ሀዊ። «ሌላው ሰው ከፍሎ ነው የሚቀባው።»

ያን ያህል የሳቅንበት ቀን ከዚያ ወዲህ ትዝ አይለኝም።

ቤት ያከራዩን እትዬ ብርቄ ይባላሉ። ከሁለት የጎባ ልጆች ጋር አራት ሆነን ቤቱን ልናይ ገባን።

«ከየት ናችሁ?»

«ከባሌ ነን እትዬ።»

«ጎሽ፣ ጨዋ አገር ነው። እንግዲህ መስኮት የለውም እንዳትሉኝ።»

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። «እትዬ፣ መስኮት የለውም እኮ።»

«እኔስ ምን አልኩሽ?» አሉኝ።

ያ ቤት እንዴት እንደሚግል ልነግራችሁ አልችልም። ሮቤ ሳለሁ ብርዱን የማማርር እኔ፣ ሲሚንቶው ላይ ውሃ ደፍቼ መተኛት ጀመርኩ። ድንቹ እንኳን እንደኛ ድንች አይደለም፣ ውሃ ውሃ ይላል።

ፋብሪካው ሸሚዝ ይሰፋል። ማሽኖቹ በረድፍ ተደርድረዋል፣ ረድፉን «ላይን» ይሉታል። አንዷ እጅጌ ትገጥማለች፣ ቀጥላ ያለችው ኮሌታ፣ ቀጥላ ያለችው ቁልፍ። አንዷ ከዘገየች ሥራው እሷ ላይ ይከመራል፣ ከእሷ በኋላ ያሉት ደግሞ ባዶ እጃቸውን ይቀመጣሉ። በሰዓት የሚጠበቀው «ታርጌት» ይባላል። ያንን ያልሞላች የሱፐርቫይዘሩን ስድብ ትጠግባለች።

ሀዊ እጅጌ ላይ ነበረች፣ እኔ ኮሌታ ላይ። አንድ ቀን መርፌው ጣቷን በሳው። ጨርቅ ጠቅልላ መስፋቷን ቀጠለች። በማግስቱ ጣቷ አብጦ፣ ትኩሳትም ይዟት መጣች። እጅጌው ከፊቷ ተከመረ።

እዚህ ላይ የአገራችንን ነገር ማስታወስ አለብኝ። ሮቤ አቅራቢያ፣ ሲናና ሜዳ ላይ ስንዴውን ኮምባይነር ያጭደዋል። ከዲንሾ በላይ ያለው ተዳፋት ላይ ግን ኮምባይነር አይወጣም፣ ገብስ የሚታጨደው በደቦ ነው። ሁሉም ጎን ለጎን ቆሞ የየራሱን ትልም ይዞ ይሄዳል። ቀድማ የጨረሰች አትቀመጥም፤ ዞራ ወደ ኋላ የቀረችው ትልም ውስጥ ትገባለች። አንዲት ሰው ጎንበስ ብላ እያጨደች ሌላው ጀርባውን አቅንቶ ቢቆም ነውር ነው። ማንም ይህን አላስተማረንም፣ እንዲሁ እያየን ነው ያደግነው።

ስለዚህ እኔ ብድግ ብዬ ከሀዊ ክምር ላይ ታቀፍኩ። ሁለቱ የጎባ ልጆችም ተነሱ። በእኛው ደጋ፣ አዳባና ዶዶላ የተወለዱ ሌሎች ልጆችም ነበሩ፣ እነሱም ማሽናቸውን ትተው መጡ። ከእኛ ሌላ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ይህን ስህተት የሚሠራ ሰው አልነበረም። ሱፐርቫይዘሩ ከሩቅ ያየው የቆሙ ማሽኖችንና የቆሙ ሴቶችን ነው። ፊሽካ ነፋ።

የአስተዳደር ኃላፊው ቢሮ ተደርድረን ቆምን።

«ማነው ያደራጃችሁ?» አለ።

«ማንም፣ ጌታዬ።»

«ያለ አደራጅ ይህ ሁሉ ሰው በአንዴ ይነሳል?»

«ጓደኛችን ወደ ኋላ ስለቀረች ነው።»

«እሷ ወደ ኋላ ብትቀር አንቺን ምን አገባሽ?»

ይህ ጥያቄ መልስ የሚያስፈልገው አልመሰለኝም። ጠረጴዛውን መታ። «የት ነው ይህን የተማራችሁት?»

«ገብስ አጨዳ ላይ» አለች ሀዊ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፋብሪካው ሁሉ «ገብሶች» ይለን ገባ። ለእኛ ማስጠንቀቂያ፣ ለሀዊ ደግሞ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጠ። በሚቀጥለው ሳምንት ታርጌቷን ካልሞላች ትሰናበታለች። በዚያ ጣቷ።

በዚያው ሰሞን ዘነበች የምትባል ሠራተኛ ወደ እኛ መጣች። ካውያ ላይ የምትሠራ የልጆች እናት ናት፣ ክንዷ በሙሉ የእሳት ጠባሳ ነው። «እኔ ሰውን ለማስተባበር ይህን ያህል ጊዜ ስለፋ፣ እናንተ ሳትነጋገሩ ተነሳችሁ» ብላ ሳቀች። ማህበር ሊቋቋም ነው አለችን። ከጥቂት ቀን በኋላ ምሳ ሰዓት ላይ የፋብሪካው ምግብ ቤት ውስጥ ድምፅ ይሰጣል።

እትዬ ብርቄ ወሬውን ከእኛ ቀድመው ሰምተዋል። «ማህበር ገብታችሁ ፋብሪካው ቢዘጋ እኔ ቤቴን ለማን ላከራየው? ለአይጥ?» አሉ።

«አይጥ አሁንም አለ እትዬ» አለች ሀዊ፣ «ኪራይ ግን አይከፍልም።»

ዕለቱ ደረሰ። ሱፐርቫይዘሮቹ ደረታቸው ላይ እጃቸውን አጣጥፈው በሩ ላይ ቆመዋል። ዘነበች ወንበር ላይ ወጥታ የሚጠየቀውን ተናገረች፤ ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ይታከም። ታሞ በዘገየ አይባረር። ሠራተኛ የሚቀነስ ከሆነ ደግሞ የተጎዱ፣ የታመሙና ነፍሰ ጡሮች የመጨረሻ ይሁኑ። «የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ።»

አባዬ በጆሮዬ ሳለ። እውነቴን ነው፣ ሳሉ ተሰማኝ። አጠገቤ ሀዊ የተጠቀለለ ጣቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አቀርቅራለች፣ ቀድማ ማውጣት ፈርታለች። እጄን አወጣሁ።

ማህበሩ ለሀዊ ደረሰላት። ዘነበች ቢሮ ገብታ ተከራከረች፤ ሀዊ ሐኪም ቤት ተላከች፣ ቁልፍ መቁጠር ወደሚባል ቀላል ሥራም ተዛወረች። ጣቷ ግን ጎበጥ ብሎ ቀረ። እኔ በዚያ ሰሞን እናቴ ረታች ብዬ በልቤ ፈረድኩ፣ አባዬ ላይም ትንሽ ኮራሁበት።

ከክረምቱ በኋላ ሁላችንንም ሰበሰቡን። ሥራ አስኪያጁ የውጭ አገር ሰው ነው፣ ሚስተር ብቻ ነው የምንለው። በአስተርጓሚ ተናገረ። ዋናው የሸሚዝ ገዢ ትእዛዙን ወደ ሌላ አገር ወስዷል፤ ጭቅጭቅ ያለበት ፋብሪካ አይፈልግም። ዘነበች ተነሳች። «ጨርቅ መምጣት ያቆመው ማህበሩ ሳይቋቋም ነው። መጋዘኑን የሚጠርጉትን ጠይቁ» አለች።

የትኛው እውነት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። መጋዘኑ ባዶ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ደግሞ ከገዢው የመጡት እንግዶች የማህበሩ ማስታወቂያ ፊት ቆመው እርስ በእርስ ሲተያዩም አይቻለሁ። የፋብሪካው ልጆች ግን አንዱን መርጠዋል። «ገብሶቹ ናቸው ያመጡብን» ማለት ጀመሩ። መታጠቢያው ጋ ሰላም ስላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ያኔ አባዬን ሲያዩ መንገድ የሚቀይሩት ሰዎች ትዝ አሉኝ፣ ኩራቴም ሟሸሸ።

ድርጅቱ ብዙ ላይኖችን ሊዘጋ ነበር። ማህበሩ ታግሎ አንድ ላይን ብቻ እንዲቀነስ አደረገ፤ ማን እንደሚወጣም ያኔ ምግብ ቤቱ ውስጥ ባጸደቅነው መሠረት ተወሰነ። ዘነበች ራሷ መጥታ ነገረችኝ፤ ሰው ልካ ብታስነግረኝ እጠላት ነበር።

«ጤነኛ ነሽ፣ ልጅ የለሽም፣ እጅሽ ፈጣን ነው» አለችኝ። «ሌላ ቦታ ይወስዱሻል።»

«ፈጣን በመሆኔ ነው የምወጣው?»

«ፈጣኗን ካስቀረሁ ያቺን ማን ያስቀርልኛል?» አለችና በዓይኗ ሀዊን አሳየችኝ።

ያንን ራሴ ነኝ እጄን አውጥቼ የጠየቅሁት።

ሀዊ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። «እኔ ልውጣ፣ አንቺ ግቢ» ትለኛለች። «በዚህ ጣት ማን ይቀጥርሻል?» አልኳት። ክፉ ንግግር ነበር፣ ግን እውነት ነው። አለቀሰች፣ እኔም ተናደድኩባት፤ በማን መናደድ እንዳለብኝ ስላላወቅኩ።

አሁን ገበያ ዳር አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ተቀጥሬያለሁ። አንድ ማሽን ነው ያለው፣ ላዩ ላይ እኔ ብቻ። ሥራው ሲከመር ወደ ጎን እመለከታለሁ፣ ያለው ግድግዳ ነው። እሑድ እሑድ ሀዊ ትመጣለች። ስትገባ ብዙ አታወራም፣ ከክምሩ ትታቀፍና በጎበጠ ጣቷ ትሰፋለች።

ባለፈው እሑድ እሷ ማሽኑ ላይ ሳለች ወደ ቤት ደወልኩ። አባዬ አነሳው። እስከዚያ ቀን ከፋብሪካው መውጣቴን አልነገርኩትም ነበር።

«የአንድ ማሽን ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። እየሰፋሽ ነው የምታወሪው?»

«እኔ አይደለሁም አባዬ። ሀዊ ናት፣ እያገዘችኝ ነው።»

«ከፋብሪካው ወጣሽ?»

«ወጣሁ።»

«እጅሽን አውጥተሽ ነበር?»

«አዎ።»

ሳለ፣ ረጅም ሳል። ይቆጣኛል ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አደረግሁት። የመጣው ድምፅ ግን ዝቅ ያለ ነበር።

«ብዙ ነበራችሁ?»

«ብዙ ነበርን። ቤቱ ሙሉ እጅ ነበር።»

«እኛም ብዙ ነበርን» አለ።

ከጀርባው እናቴ ማን ነው እያለች ትጠይቃለች፣ ከጀርባዬ ሀዊ ትሰፋለች። ‹በቃ ነይ› እንዲለኝ ጠበቅኩ። ቢለኝ ሀዊን ትቼ እንደምሄድ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ግን ጠበቅኩ።

«ገብሱ አሽቷል» አለኝ በመጨረሻ። «አክስትሽ ዘንድሮ ሰው ያንሰኛል ትላለች።»