የእትዬ ኡርሚላ ደጃፍ

ባለፈው ሳምንት ማርቲንዴል ሰፈር ካለው የህንዶች ሱቅ ምስር ልገዛ ገብቼ፣ ካሸሯ አጠገብ የሸክላ ኩራዝና በትንንሽ ላስቲክ የታሸገ ባለቀለም ዱቄት ተደርድሮ አገኘሁ። ዲዋሊ፣ የህንዶቹ የብርሃን በዓል፣ ደርሷል ማለት ነው። ቀዩን አንስቼ ሳገላብጥ ልጅቷ፣ «አንቲ፣ ምን እንደሚያደርጉበት ያውቃሉ?» አለችኝ።

«በእጄ ሠርቼበታለሁ» አልኳት፣ ኮራ ብዬ።

ነገሩ የሆነው ካናዳ፣ ካልጋሪ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ሆቴል አጸዳለሁ፣ የምኖረው እዚያው ማርቲንዴል ቤዝመንት ተከራይቼ ነው። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው የጉጅራት ሴት ነበሩ። እትዬ ኡርሚላ ብያቸው ቀረ። ረቡዕና ዓርብ እንደምጾም ካወቁ ወዲህ፣ ያንን ጣፈጥ የሚል ምስራቸውን ያለ ቅቤ ሠርተው ደረጃው ላይ ያስቀምጡልኛል። መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ በኋላ ቀኑን መጠበቅ ጀመርኩ።

በዚያ ዓመት ዲዋሊ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው በረዶ አዳለጣቸውና ቀኝ እጃቸው ተሰበረ።

«ልጄ በበዓሉ ቀን ከቸስተርሚር መጥቶ ሊወስደኝ ነው» አሉኝ። «ቤቱን እንሽጠው፣ ብቻሽን አትችይም ይለኛል። ደጄ እንደ ወጉ በዱቄት ሥዕል ሳይጌጥ ካገኘው ምን ብዬ እከራከረዋለሁ?»

ሺፍት ተቀያየርኩ። «አጸዳለሁ፣ እስላለሁም፤ ጸሎቱ ላይ ግን አልገባም» አልኳቸው በግልጽ።

«ጸሎቱን እኔ እችለዋለሁ። ያጣሁት እጅ ነው።»

የበዓሉ ዕለት ጠዋት የደጃፉን በረዶ ጠርጌ፣ ሲሚንቶውን አድርቄ፣ በባለቀለሙ ዱቄት ትልቅ አበባ መሳል ጀመርኩ። እሳቸው ብርድ ልብስ ተከናንበው ወንበር ላይ ሆነው በግራ እጃቸው ያመለክቱኛል። ሦስተኛውን ቅጠል ሳልጨርስ ነፋስ መጥቶ ዱቄቱን በሙሉ እስከ ጎረቤት አጥር ድረስ በተነው። እትዬ ኡርሚላ አንገታቸውን ደፉ።

«ወደ ውስጥ!» አልኩ። የመግቢያውን ምንጣፍ ጠቅልዬ እንደገና ጀመርኩ።

መጨረሻ ላይ ትንንሽ እግሮች ይታተማሉ፤ የበረከት አምላካቸው ላክሽሚ ወደ ቤት ስትገባ የረገጠችው ምልክት ነው። ጡጫዬን በተበጠበጠ የሩዝ ዱቄት እየነከርኩ አተምኩ፣ በጣቴ ጫፍም የእግሩን ጣቶች ጨመርኩ። ስድስት ሠርቼ ቀና ስል እሳቸው አፋቸውን ይዘዋል።

«ልጄ፣ እያስወጣሻት እኮ ነው!»

እውነትም ጣቶቹ በሙሉ ወደ ውጭ ዞረዋል። ከወደቁ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው፣ ያውም እንባቸው እስኪመጣ። ወልውዬ አዙሬ ሠራኋቸው።

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ባዶ ሻንጣ ይዞ መጣ። በሩን እንደከፈተ፣ ሥዕሉን እንዳይረግጥ አንድ እግሩን አንስቶ ቀረ። ቤቱ ሄልና ቅቤ ይሸታል።

«እማዬ፣ ማን ሠራው?»

«እኔ» አሉት። «በእሷ እጅ።»

ዞሮ አየኝ። «እጃቸው እስኪድን ጠዋትም ማታም እኔ አለሁ። እዚሁ ታች ነኝ» አልኩት።

ሻንጣውን መኪናው ውስጥ መልሶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ግድግዳውን ታክኮ ገባ። እነሱ ኩራዙን ለኩሰው ሲጸልዩ እኔ ወጥ ቤት ቆየሁ። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር ቅቤ የገባበት የበዓሉ ጣፋጭ፣ የእኔ ድርሻ ለነገ ተቀመጠ።

እትዬ ኡርሚላ ከዚያ በኋላ በዚያው ቤት አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ።

ዛሬ እኔም እዚሁ ካልጋሪ፣ ኮራል ስፕሪንግስ በሚባል ሰፈር፣ ሐይቅ አጠገብ ባለ ቤቴ ብቻዬን ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል። በቀደም ወንዱ ልጄ፣ «ማሚ፣ ቤቱን ሴል እናድርገውና እኛ ጋ ሙቭ አድርጊ፣ ላይክ፣ ቢፎር ዊንተር» አለኝ። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእትዬ ኡርሚላም ልጅ ከፍቅር ነበር። ግን ሰው አልፎ አልፎ የሚዋሰው እጅ ካገኘ በገዛ ቤቱ ብዙ መቆየት እንደሚችል በዓይኔ አይቻለሁ።

«እሑድ መሰላል ይዘህ ና» አልኩት። «ከጣሪያው አሸንዳ ቅጠሉን ታወጣልኛለህ።»