ደቦ ያረመው የምርምር ማሳ

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ ከቆቦ ወጣ ብሎ ባለው የማሽላ ሙከራ ማሳ የቀን ሠራተኛ ሆኜ ስገባ። የመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ሲባጎና አንድ ሸክም ችካል አስይዞኝ፣ «የተጻፈበትን እያነበብሽ በተራ ትከይ» አለኝ። ማንበብ አልችልም አላልኩትም። የጽሑፉን መልክ ከወረቀቱ ጋር እያመሳሰልኩ ተከልኩት። ስድስትን ከዘጠኝ ብቻ አምታታሁ።

ማንበብን እዚያው ከችካልና ከዘር ከረጢት ተማርኩ። ዓመታት አልፈው የማሳ ተቆጣጣሪ ስባል፣ የሁለት ዓመት ጥናት ይዘው ከዩኒቨርሲቲ ለሚመጡ ተማሪዎች የወር ቅጽ መሙላት የእኔ ሥራ ሆነ። ቅጹ ሦስት ዓምድ አለው፦ የታቀደ፣ የተሠራ፣ ምክንያት። ምክንያቱን ብዙ ጊዜ ባዶ እተወው ነበር። አማካሪያቸው በየመንፈቁ እየመጡ ቅጹን ከማሳው ጋር ያስተያያሉ። ተማሪው ይቀጥል አይቀጥል የሚባለው ያኔ ነው።

ከተማሪዎቹ አንዷ ሐያት የመጣችው ከደሴ ነው። የምታጠናው አቀንጭራን ነበር፤ ያን የማሽላ ሥር መጥጦ የሚያደርቅ ባለ ሐምራዊ አበባ አረም። የትኛው ዘር እንደሚቋቋመው ለማወቅ በየመደቡ የበቀለውን በየሁለት ሳምንቱ ትቆጥራለች። ስለዚህ አረሙ መነቀል የለበትም።

ማሳው ከእኛ ጋር የሚዋሰነው ታላቅ ወንድሜ ሁሴን፣ «እታለም፣ ደግሞ አረም ማርባት ጀመራችሁ?» ይለኛል። ስቄ አልፈዋለሁ። ቁጭ ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ።

መስከረም ላይ ሐያትን ወባ ጣላት። በዚያው ሳምንት እኔ ለማንም ሳልናገር ማሳውን ትቼ ጎብዬ ከተማ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ስመለስ መደቦቹ የተላጨ ራስ መስለው ጠበቁኝ። አንዲት አቀንጭራ የለችም። ሁሴን ላቡን እየጠረገ መጣ።

«የታመመች ልጅ፣ እዚህ ዘመድ የላት። ደቦ ጠራሁላት። ጠዋት ገብተን ለዙህር ሶላት ጨረስነው።»

«ምን አደረግህ ወንድምዓለም!»

«ምነው? እኔ ምርቃት ስጠብቅ!»

ጥናቷ ራሱ አረሙ እንደሆነ ስነግረው መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ያ አላህ» ብቻ ነው ያለው።

አማካሪዋ ዶክተር በማግስቱ ጠዋት ደረሱ። ሐያትም ፊቷ እንደገረጣ ከክሊኒክ በቀጥታ መጣች፤ ምንም አልሰማችም። ዶክተሩ ደብተሯን አዩ፣ ማሳውን አዩ።

«እዚህ በመቶዎች የሚቆጠር አረም ጽፈሻል። እዚያ አንድ የለም። ቤት ተቀምጠሽ ነው የጻፍሽው?»

«ኧረ ቆጥሬ ነው ዶክተር!»

«የታለ?»

እሷም ማሳውን ዞር ብላ አይታ ወደ ባዶዎቹ መደቦች ገባች።

ቅጹ እጄ ላይ ነበር። ከተናገርኩ ማሳ ጥዬ መሄዴ ይወጣል፤ ዝም ካልኩ ልጅቷ ትባረራለች። ቅጹን አጥፌ ኪሴ ልከተው ቃጣኝ፤ አልዋሽም። ከዚያ ምክንያት በሚለው ዓምድ ጽፌ ሰጠኋቸው፦ «ተቆጣጣሪዋ ሳታስፈቅድ ጎብዬ ሄዳለች። ወንድሟ ደግ የሠራ መስሎት በደቦ አርሞታል።»

ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ወይዘሮ ዘይነባ፣ ይሄ እርስዎን ያስቀጣል።»

«ያስቀጣኝ። ልጅቷ ቆጥራለች። ደብተሩን ዘግተው ይጠይቋት።»

ዘግተው በየመደቡ እያቆሙ ጠየቋት። አረሙ መጀመሪያ የት እንደወጣ፣ የትኛው ዘር ቶሎ እንደጠወለገ፣ የክረምቱ ጎርፍ የት እንደተኛ፣ አንዱንም አልሳተችም። ዶክተሩ ደቦው ዳር ላይ የከመረውን አረም በእግራቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

«ትቀጥያለሽ» አሏት። «ግን የዘንድሮው ቆጠራ ጎዶሎ ነው። ለከርሞ አቀንጭራ ያለበት ሌላ መሬት ካላገኘሽ ጥናቱ አያልቅም።»

ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ይገባኛል።

ከዚያ ወዲህ ማሳው ድረስ ሄጄ፣ ተማሪውን ጠይቄ፣ ሥራው ለምን እንደጎደለ ሳልጽፍ የማንንም ቅጽ አልፈርምም።

ሁሴን በሚቀጥለው ክረምት ከራሱ ማሳ አቀንጭራ የበዛበትን ጥግ ለሐያት ለቀቀላት። መንገደኛው «ሁሴን ሰነፈ» እያለ አለፈ። እሱ ግን ቆጥራ እስክትጨርስ ድረስ አንዲት አልነቀለም።