ለጸሎት የተሰጠኝ ስም

ለንስሐ አባቴ ሁሉን ስናገር ይችን አንዷን እየዘለልኩ ነው እዚህ የደረስኩት። ለሌላ ሰውማ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። እርስዎ አያውቁኝም፤ የደፈርኩትም ለዚሁ ይሆናል።

ጥሩወርቅ የአንኮበር ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን አንድ ክፍል ተከራይተን፣ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰን፣ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ለኮምፒውተር ደኅንነት የጀማሪዎች ፈተና እናጠና ነበር። ማሠልጠኛው ከመካከላችን ለአንድ ሰው ብቻ የፈተናውን ክፍያ እንደሚችል ነግሮናል። ከዚያ ውጭ ሁለታችንም መፈተኛ ገንዘብ አልነበረንም። እሷ ትበልጠኝ ነበር። እኔ የሸመደድኩትን እሷ ገብቷት ታስረዳኛለች፤ ስሳሳት «ቀስ በይ፣ አንቺ እኮ ችኩል ነሽ» ብላ ትስቃለች።

ፈተናው ሊደርስ ሲል እናቷ በጠና ታመሙ። ሚኒባስ ልትሳፈር ስትል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ የእናቷን የክርስትና ስም ነገረችኝ።

«ለቄሱ ስጪልኝ፣ በጸሎት ያስቧት። ለደብተራ እንዳትሸጪው ብቻ» አለች፣ እያለቀሰችም እየቀለደችም።

የክርስትና ስም እኛ ዘንድ ለማንም አይነገርም፤ ክፉ ሰው እንዳይደግምበት ይፈራል። እሷ ግን አምናኝ ሰጠችኝ። እኔስ ምን አደረግኩበት?

ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ነጠላዬን ለብሼ ነበር። በዚያ ሰሞን ሰዎች የይለፍ ቃላቸውን ከሚወዱት ሰው ስም እንደሚያበጁ ተምረን፣ እኔ ስስቅ እሷ ደንገጥ ብላ ነበር። ያ ትዝ አለኝ። ላፕቶፑ ላይ ቁጭ አልኩና በኢሜይሏ የይለፍ ቃል ቦታ ስሙን ጻፍኩት። ተከፈተ። ለመሞከር ነው አልኩ ለራሴ። ውሸቴን ነው። ከላይ የማሠልጠኛው መልእክት ነበር፤ ተመርጠሻል፣ እስከ ነገ ካላረጋገጥሽ ዕድሉ ለተከታይሽ ይተላለፋል ይላል። ተከታይዋ እኔ ነበርኩ። እነሱ መንደር ስልክ እንጂ ኢንተርኔት እንደማይሠራም አውቃለሁ። ደውዬ ልነግራት አልችልም ነበር? እችል ነበር። መልእክቱን አጠፋሁት። ችግር አላጠፋውም፣ ሰይጣንም አላጠፋውም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።

ዕድሉ ለእኔ ተላለፈ። ፈተናውን አለፍኩ፤ ሥራም ያዝኩበት። ስሙን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ግን አልሄድኩም፤ ያንን ስም ለቄስ ለመስጠት አፈርኩ።

እናቷ ዳኑ። ጥሩወርቅ ተመልሳ ስትመጣ አቅፋ ሳመችኝ። «ስሟን ብታደርሺልኝ ነው የዳነችው» አለችኝ። መልሼ አቀፍኳት። በማለፌም ከእኔ ይልቅ የተደሰተችው እሷ ናት። የራሷን ነገር «ዕድሌ አልነበረም» ብላ ትታው ወደ እናቷ ተመለሰች። እማማ ደግሞ ከዚያ ወዲህ «ጸሎተኛዋ ልጄ» እያሉ የገብስ ቆሎ ይልኩልኛል። እበላዋለሁ ደግሞ። እወዳቸዋለሁ፤ ይህም እውነት ነው፤ ግን ምን ይጠቅማቸዋል?

ባለፈው እሑድ እንደ ምንም ብዬ ስሙን ለቄሱ ሰጠሁ።

«በሕይወት አሉ?» አሉኝ።

«አሉ አባ፣ ደህና ናቸው።»

«ታዲያ ምን ብለን እንጸልይላቸው?»

«የምነግራቸውን እንዲችሉት» አልኩ።

ነገ አንኮበር እሄዳለሁ። እናትና ልጅ ቤት ናቸው፤ እንደምመጣ ሰምተው ቆሎ እየቆሉልኝ ነው አሉ። ሳልበላ እነግራቸዋለሁ።