ሰክራለች የተባለችው እህቴ

ባለፈው ሳምንት ዲላ ውስጥ አንድ መድኃኒት ቤት ተራ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የነበረች ሴት የሐኪም ወረቀት እንኳ ሳትይዝ ጀንታማይሲን የሚባለውን መርፌ እንዲሰጣት ሻጩን ጠየቀችው። የሚወጋልኝ ሰው ሰፈር ውስጥ አለ አለችው። ሻጩም ለማን እንደሆነ ሳይጠይቅ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ። ጮኽኩበት። ምን እንደሆንኩ ቢጠይቀኝ እዚያ ቆሜ ልነግረው አልቻልኩም።

ነገሩ የሆነው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ ነው። ታላቅ እህቴ ወርቅነሽ፣ ሬኮ በሚባል ቀበሌ ቡና ማጠቢያ ትሠራ ነበር፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትዘምራለች። በቡና ወቅት ቀሚሷ ሁሉ ያ የቀይ ቡና ልጣጭ ጣፋጭም ኮምጣጣም ሽታ ይሸት ነበር። አንድ ቀን የዛገ ቆርቆሮ እግሯን ቆረጣት። ቁስሉ አመርቅዞ አጥንት ድረስ ዘለቀ።

ፍስሐ ገነት ከተማ አክስታችን ቤት አርፈን አንድ የግል ክሊኒክ መመላለስ ጀመርን። ባለቤቱ ዶክተር አልነበረም፤ እኛ ግን ዶክተር እንለው ነበር። በየቀኑ የሚወጋ መርፌ፣ ያንኑ ጀንታማይሲን፣ አዘዘላት። ደሟን አልመረመረ፣ ሽንቷን አላየ፣ ስንት ቀን እንደሚበቃት እንኳ የወሰነው ነገር ያለ አይመስለኝም። በሦስተኛው ሳምንት ጆሮዋ እንደሚጮኽ፣ ስትነሣ መሬቱ እንደሚከዳት ነገረችው። ድካም ነው፣ ደህና ትብላ አለ። አክስታችን ቆጮውን ቅቤ አጠጥታ አቀረበችላት።

በማግሥቱ በር ላይ ቆመች። «አልሄድም» አለችኝ። «እንዲህ የሚያደርገኝ መርፌው ነው።»

«አንቺ ከዶክተሩ ትበልጫለሽ?» አልኳት፤ ክንዷን ይዤም ወሰድኳት። ከዚያ በኋላ ስምንት ቀን ተወጋች። ስምንቱንም ቀን የወሰድኳት እኔ ነኝ።

እግሯ ዳነ። ቀጥ ብሎ መሄድ ግን አቃታት። ያ ክረምት ዝናቡ የበረታበት ነበር፤ በጭቃው መንገድ አጥር አጥሩን ይዛ እየተንገዳገደች ስትሄድ ሰው አያት። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አስጠርተው መጠጥ ጀምረሻል አሏት። አረቄ በአፏ ዞሮ የማያውቅ ሰው፣ እያለቀሰች ማለች። ንስሐ እስክትገባ ከመዘምራን አገዷት። አባታችን ከጎኗ ተቀምጦ አንገቱን ደፋ።

እኔ ግን ዲላ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ እግሯን ገጥማ፣ ዓይኗን ጨፍና እንድትቆም አዘዛት። እንደተቆረጠ እንሰት ወደቀች። ምን መድኃኒት እንደወሰደች፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቀኝና ነገርኩት።

«ጆሮ ውስጥ ሚዛናችንን የሚጠብቅ ክፍል አለ፤ መድኃኒቱ እሱን ጎድቶባታል» አለኝ። «ይህ አይመለስም። ጆሮዋ ሲጮኽ ያኔውኑ መቆም ነበረበት።»

አስጽፌ የመጣሁትን ወረቀት ለሽማግሌዎቹ ሰጠኋቸው። አንብበው፣ እግዚአብሔር ያጽናት አሉና ወደ መዘምራን መመለስ ትችላለች አሉ። በድለንሻል ያላት ግን አንድም ሰው የለም። እሷም አልተመለሰችም። ክሊኒኩ ስሄድ ደግሞ ሰውየው «እግሯ አልዳነም እንዴ?» አለኝ። ነጭ ጋዋኑን ጨምድጄ ያዝኩት፤ ሰዎች ገላገሉን።

መድኃኒቱ የስንቱን ሕይወት እንዳተረፈ አውቃለሁ። ቁጣዬ ከመድኃኒቱ ጋር አይደለም፤ በሽተኛ አፍ አውጥቶ ሲናገር ከማይሰማ ሰው ጋር ነው። ጊዜ ቁጣን ያበርዳል ይላሉ። ሽማግሌዎቹም ባለ ክሊኒኩም ሞተዋል፤ የእኔ ቁጣ ግን አልበረደም፤ ምክንያቱም ካልሰሟት ሰዎች አንዱ እስካሁን በሕይወት አለ።

ወርቅነሽ ዛሬ ስድሳ ሊሞላት ነው። በብርሃን፣ መሬት መሬቱን እያየች ደህና ትሄዳለች። ዘንድሮ፣ ከስንት ዘመን በኋላ፣ ጎመን ስትቀነጥስ አጠገቧ ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅኋት።

«ነግሬህ ነበር» አለችኝ።

ጎመኗን መቀንጠሷን ቀጠለች። እኔም ደግሜ አልጠየቅኋትም።