የሕፃናቱ ሚዛንና የኃላፊው በግ

እኛ ጤና ጣቢያ ጽዳት የምትሠራውን ሴትዮ ሁሉም ሰው «ሚዛኗ» ነው የሚላት። እህል ተራ ሃያ ሁለት ዓመት ከረጢት ስታነሳ ስትጥል ኖራ፣ ወገቧ አሻፈረኝ ሲል ነው እኛ ጋ መጥረጊያ የጨበጠችው። ወገቧ ቢሞትም እጇ አልሞተም። የፈለግከውን ዕቃ ስጣት፣ ከፍ ዝቅ ታደርገውና «ሦስት ኪሎ ከሩብ» ትልሃለች። እኔ የበሩ ዘበኛ መጀመሪያ አላመንኳትም። ዱላዬን ሰጠኋት። «ስድስት መቶ ግራም። ውስጡን ነቀዝ በልቶታል» አለችኝ። ሰብሬ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ያለ ዱላ ነው የምጠብቀው።

ማክሰኞ ማክሰኞ የከሱ ልጆች ቀን ነው። እናቶች በጠዋት መጥተው አግዳሚው ላይ ይደረደራሉ። ከጣሪያው ብረት ላይ እንደ ግድግዳ ሰዓት ክብ የሆነ ሚዛን ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ የጨርቅ ሱሪ አለው። ልጁን ሱሪው ውስጥ ይከቱታል፣ ሲስተር መርፌውን ታነባለች። ቁጥሩ ካነሰ ለሳምንት የሚሆን አሥራ አራት ፓኬት የኦቾሎኒ አልሚ ምግብ ይሰጣል። ቁጥሩ ከሞላ ካርዱ ላይ «ድኗል» የሚል ማኅተም ይመታል፣ ፓኬቱም በዚያው ይቆማል። ልጆቹን ሱሪው ውስጥ የምትከተው ሚዛኗ ናት። ሥራዋ አይደለም፤ ግን ሲስተር አንድ ራሷን ናት፣ የሚያለቅስ ልጅ ደግሞ ሁለት እጅ አይበቃውም።

የዚያን ማክሰኞ ተራው የልብስ አጣቢዋ ነበር። ከሚዛኗ ጋር አንድ ግቢ ነው የሚኖሩት። ልጇ አሥር ወሯ ነው፣ ሚጢጢ ነው የሚሏት፣ ስሙም አልበዛባትም። አጣቢዋ ጡቷ ደርቋል፤ ያቺ ልጅ በፓኬቱ ነው ያለችው።

ሲስተር አነበበች። «አምስት ኪሎ ከስምንት መቶ። ጎበዝ ሚጢጢ፣ ድነሻል።» እጇን ወደ ማኅተሙ ሰደደች።

ሚዛኗ ልጅቷን ከሱሪው አወጣቻትና ለእናቷ ሳትሰጣት ቆመች። ከፍ ዝቅ አደረገቻት። «አምስት ከሁለት መቶ ናት።»

«እትዬ፣ ልጅ እኮ ናት፣ ሽምብራ አይደለችም።»

«ሽምብራ ብትሆንማ ሲጎድል ነጋዴው ይጮህ ነበር። እሷ የምትጮህበት አቅም የላትም። ማኅተሙን አስቀምጪው ልጄ።»

ኃላፊው ተጠራ። የኛ ኃላፊ ከሁለት ወር በፊት ነው የተሾመው። ከመጣ ወዲህ የሚድነው ልጅ በዝቶ ከላይ የምስጋና ደብዳቤ ተጽፎለታል፤ በመስታወት አድርጎ ሰቅሎታል። ነገሩን ሰማና ፈገግ አለ።

«ሚዛን የሚፈተሸው በዓመት አንዴ፣ በባለሙያ ነው። በጽዳት ሠራተኛ እጅ አይደለም።»

ሚዛኗ ልጅቷን ለእናቷ ሰጥታ ወጣች። በሩን ስከፍትላት እንኳን ቀና ብላ አላየችኝም። ከፊት ለፊት ካለው ሱቅ አምስት ባለ አንድ ኪሎ የታሸገ ስኳር በሽርጧ ታቅፋ ተመለሰች። ባለሱቁ ከኋላዋ ይሮጣል፤ ለእውነት ሳይሆን ለስኳሩ። እኔም ተከተልኳቸው። ስኳሩን የልጆቹ ሱሪ ውስጥ ደረደረችው። መርፌው አምስት ከስድስት መቶ ላይ ቆመ።

እናቶቹ ከአግዳሚው ተነስተው መርፌውን አዩ።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ባለሱቁ አብዝቶ ሞልቶት ሊሆን ይችላል።»

«እንዲህ ያለ ባለሱቅ ካለ ዛሬውኑ ደንበኛው ልሁን» አለች አንዷ፣ አግዳሚው በሳቅ ተንጫጫ።

ባለሱቁ ተቆጣ። «እኔ? እኔ በሕይወቴ ለማንም አብዝቼ አላውቅም።» እሱን ሳውቀው እውነት ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

«ይህ ሚዛን ደህና ነው» አለ ኃላፊው። «ምን ነክቶት ይበላሻል? እስቲ አንድ ሰው ይንገረኝ፣ ምን ነካው?»

ምን እንደነካው አውቃለሁ። እሱም ያውቃል። የተሾመ ሰሞን አምስት ሠራተኞች አዋጥተን ለደስታው በግ ገዛን። ሻጩ አርባ ኪሎ ነው ብሎ ማለ። ኃላፊው ሰው አያምንም፤ «ሚዛን እያለን ምን ያስጨንቀናል?» አለ። ሲስተር የዚያን ቀን ፈቃድ ላይ ነበረች። ሚዛኑ ላይ «እስከ 25 ኪሎ» ተብሎ ተጽፏል፣ እኔ እንኳን አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት አነበብኩት። በጉን አስረን ሰቀልነው፤ እየተወራጨ ስላስቸገረ የኋላ እግሩን ይዤ ነበር። ሚዛኑ ውስጥ ያለው ሽቦ እንደ በር ማጠፊያ ጮኸ። በጉ ከወረደ በኋላ መርፌው ዜሮ ላይ አልመለስ አለ። ኃላፊው በብሎኑ አዙሮ መለሰው፣ በጉም ታረደ። ሽቦው ግን ላልቶ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ የሰቀሉበትን ሁሉ አብዝቶ ነው የሚያሳየው። ሁለት ወር ሙሉ ለምን ዝም አልክ ብትሉኝ፣ በልቼ ነዋ።

«በጉ ነው የነካው» አልኩ።

ኃላፊው ዞረ። «ጋሼ፣ በሩ ላይ ማን አለ?»

«ማንም የለም ጌታዬ። በሩ የትም አይሄድም።»

«የምን በግ ነው?» አለች ሲስተር።

«የሹመቱ በግ። አርባ ኪሎውን እዚህ ላይ ነው የሰቀልነው። የኋላ እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ጉበቱም ለእኔ ነው የደረሰኝ።»

አንድም ሰው አልሳቀም። አጣቢዋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ያን ጊዜ ሚጢጢን ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ወፍራም ነበር?»

«ማን?»

«በጉ።»

«ወፍራም ነበር» አልኳት። ምን ልበላት?

ሲስተር ፊቷ ደም መሰለ። ካርዱ ላይ አምስት ከሁለት መቶ ብላ ጻፈች፣ አሥራ አራቱን ፓኬት ቆጥራ ለአጣቢዋ ሰጠቻት። ከዚያ መዝገቡን መዥረጥ አድርጋ አወጣችና ከዚያ በግ በኋላ «ድኗል» የተባሉትን መፈለግ ጀመረች።

«ሲስተር፣ ሪፖርቱ ሄዷል» አለ ኃላፊው። «ድኗል የተባለን ልጅ መልሼ አልዳነም አልልም። መዝገቡም ከዚህ ቤት አይወጣም።»

«መቼ አወጣሁት? ማንበብ ነው የያዝኩት» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። የአርባ አንድ ልጅ ስም አነበበች። አግዳሚው ላይ ያሉት እናቶች እየተቀባበሉ «እሷን እኔ እጠራታለሁ፣ ጎረቤቴ ናት»፣ «ያ የምንጩ ሰፈር ልጅ ነው፣ ለእኔ ተዉልኝ» ተባባሉ። ኃላፊው ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሠላሳ ስድስቱ መጡ። ሰባቱ ከድሮው የባሰባቸው ነበሩ። አዲስ ሚዛን አልመጣም፤ ሚዛኗ በእጇ እየመዘነች ትናገራለች፣ ሲስተር ትጽፋለች። ሚጢጢ አምስት ከአራት መቶ ገብታለች። ለእኔ «የመንግሥት ንብረት ለግል ጉዳይ በማዋል» የሚል ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፤ የፈረመበት ኃላፊው ነው።

ካልመጡት አምስት፣ አራቱ ቤት ለቀው ሄደዋል አሉ። አምስተኛው ቤት ሚዛኗ ራሷ ሄደች፣ ፓኬቱን በፌስታል ይዛ። ስትመለስ ፌስታሉ እንዳለ ነበር፤ ለልጁ አልደረሰችም። እናቲቱ ከፍራሽ ሥር ካርዱን አውጥታ እንዳሳየቻት ነገረችኝ። «ድኖ እኮ ነበር፣ ይኸው ማኅተሙ» እያለች ነው የምታለቅሰው አለችኝ።

«ስለ በጉ ነገርሻት?» አልኳት።

«አንተ ሂድና ንገራት» አለችኝ። ቤቱንም አሳየችኝ፤ ከውኃ ቦኖው በስተግራ፣ ሁለተኛው በር ነው።

እስካሁን አልሄድኩም።