የየሺ ፀጉርና የባኮዋ አክስቴ

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ቤቱ አፍንጫ በሚሰነፍጥ ሽታ ታፍኖ ጠበቀኝ። ልጄ መስታወት ፊት ቆማ፣ አምና ጥቁር የተቀባችውን ፀጉሯን ዘንድሮ ደግሞ ወርቃማ ላድርገው ብላ፣ ራሷን ሊጥ በመሰለ ነገር ለውሳና በላስቲክ ጠቅልላ በስልኳ ደቂቃ ትቆጥራለች። ልቆጣ አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። «ምነው እማዬ?» ስትለኝ ሽታው ነው አልኳት፤ ውሸቴንም አልነበረም፤ ያ ሽታ ወስዶ የጣለኝ በደርግ ጊዜ አምቦ ውስጥ፣ ከፍል ውሃው ከፍ ብሎ ከነበረው ቤታችን ጓሮ ነው።

ታላቅ እህቴ የሺ ያኔ አስራ አንደኛን ጨርሳ ወደ አስራ ሁለተኛ ያለፈች ቀለሜ ነበረች፤ ኩራዝ ሲጠፋባት እንኳ በጨለማ የምታጠና የሚመስለኝ። እኔ አስር ዓመቴ ነው። አባዬ ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያጥብ ድሬሰር ነበር፤ ሰዉ «ዶክተር» ይለዋል፣ እሱም ቅር ብሎት አያውቅም። በዚያ ክረምት ሸነን ከሚባለው ገጠር ኦቦ ደሬሳ ለልጃቸው የሺን ጠየቁ፤ አባዬም ሽበት የወረሳቸው ሰዎች በሩ ላይ ቆመው እምቢ ማለት የማይሆንለት ሰው ስለሆነ እሺ አለ፣ ሰርጉም ለጥር ተቆረጠ። የሺ አስራ ሁለተኛን ሳትፈተን ሸነን ልትገባ ነው፤ አለቀ። በዚያ ላይ የልጁ እናት ልታያት መጥታ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ «ፀጉሯ ቀላ አለብኝ፣ በሽታ ይሆን?» ስላለች፣ እማዬ ነገሩ ከንክኗት ከአዲስ አበባ በነጋዴ ቀለም አስመጥታ የልጇን ራስ እንደ ከሰል አጠቆረችው።

የሺ ደግሞ ከትምህርት ቤት በተዋሰችው የሶቪየት መጽሔት ላይ ትራክተር የምትነዳ ቢጫ ፀጉር ሴት አይታ ኖሮ፣ «ቀይ ፀጉር ያስደነገጣት ሴትዮ ቢጫውን ስታይ ሸነን ድረስ ትሮጣለች» አለችኝ። አባዬ ቤት የሚያስቀምጠውን፣ ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ የሚያወጣውን መድኃኒት ከቡናማው ጠርሙስ በጥጥ እየነከርን ሦስት ቀን ጓሮ ተቀመጥን፤ ክረምት ስለሆነ ፀሐይ የምትወጣው በልመና ነው። አልፈጥን ሲላት ጊዜ የሺ ትዕግሥቷ አልቆ በረኪና ጨመረችበት። ወይ ጉድ! ሥሩ የበቆሎ ጢም መሰለ፣ ቀለሙ የበዛበት መሐሉ የዛገ ቆርቆሮ፣ ጫፉ እንደጠቆረ ቀረ፤ ማበጠሪያ ስናስነካው ደግሞ እፍኝ እፍኙን እየተነቀለ ወጣ። አሁንም ሳስበው ራሴን ይበላኛል።

እማዬ ስታይ «ወይኔ ጉዴ!» ብላ ደረቷን መታች። ሽማግሌዎቹ ለእሁድ ተቀጥረዋል፤ የቀረው መላ መላጨት ብቻ ነው፤ ግን በእኛ አገር ሴት ፀጉሯን የምትላጨው ሰው ሲሞትባት ነው፣ ሰው ሳይሞት መላጨት ሞትን በስሙ መጥራት ነው። እንዲያም ሆኖ ቅዳሜ ጠዋት «እሱ ይቅር ይበለኝ» እያለች፣ እያለቀሰች ላጨቻት። ኦቦ ደሬሳና ጓደኞቻቸው አንድ ቀን ቀድመው ከች አሉ! እናት ምላጭ ይዛ ታለቅሳለች፣ ልጅ ተላጭታ በረኪና ዓይኗን አቅልቶታል። ኦቦ ደሬሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዱላቸውን ተደገፉና «ዋቅኒ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ፣ እግዜር ያጽናችሁ፤ ማን ሞተባችሁ?» አሉ። በሕይወቷ ዋሽታ የማታውቀው እናቴ «እህቴ… የባኮዋ፣ የሺን ያሳደገቻት» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው አለቀሱ፣ ዓመቷ ሳይወጣ የሰርግ ነገር አይነሳም ብለው ሄዱ። እኛ ተገላገልን ስንል ወሬው መንደሩን አዳረሰና ከሰዓት በኋላ እድርተኛው ድንኳን ይዞ መጣ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ እማዬም ነገሩ እንዲሟላ የራሷን ፀጉር ተላጨች። አባዬ ከሥራ ሲመለስ ደጁ ላይ ድንኳን አገኘ። ጓዳ አስገብተን ሹክ ስንለው ፊቱን አጨፍግጎ ወጥቶ ከለቀስተኛው መሐል ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላማ የገዛ ቤታችን እስረኞች ሆንን። የሺ በጥቁር ሻሽ ትምህርት ቤት ትመላለሳለች፣ ሳቅ ሲመጣባት ትራስ ትነክሳለች። ሬዲዮ አይከፈትም። እኔ ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀውን የእንቁጣጣሽ አበባየሁሽ ተከለከልኩ፣ ጓደኞቼ እየዘፈኑ በደጃችን ሲያልፉ በአጥር ቀዳዳ እያየሁ ተንሰቀሰቅሁ፤ ጎረቤታችን እትዬ አስካለም አይታኝ «አይ ልጅት፣ አክስቷን እንዴት ብትወድ ነው!» አለች። ከባኮ የሚመጣ አውቶብስ ጡሩንባ በነፋ ቁጥር፣ የሚያውቃት ሰው ይወርድ ይሆን እያልን እንበረግጋለን።

አክስቴ ዘነበች ባኮ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ የምትሸጥ፣ ባል የሞተባት፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። እማዬ በታመነ ሾፌር እውነቱን ስትልክባት ሆዷን ይዛ ስቃ፣ «ንፍሮዬ ጣፈጠ ወይ? ለየሺ ከሆነማ ዓመቱን ሙሉ ሞቼ እቆያለሁ በላት» ብላ መለሰች። ጥምቀትን ከእኛ ጋር ሳትውል ቀርታ የማታውቀው ሴት ያን ዓመት አምቦን ሳትረግጥ ቀረች። ግንቦት ላይ፣ የየሺ ፈተና አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ወባ ያዛት። ሾፌሩ አምቦ ላድርስሽ፣ የእህትሽ ባል መርፌ ይወጋሻል ብሎ ቢለምናት፣ «አበድክ? የሞትኩት ሴትዮ ከአውቶብስ ስወርድ ካዩኝ የልጅቷ ነገር አበቃ፤ ፈተናዋ ይለፍ፣ እመጣለሁ» አለችው። በአራተኛው ቀን ሞተች።

እማዬ መርዶውን ከሾፌሩ ስትሰማ ለጎረቤቱ «በቆሎ ልገዛ ነው» ብላ ባኮ ሄዳ እህቷን ቀበረች። በሦስተኛው ቀን፣ ሰው እንዳይጠራጠር ግማሽ ኩንታል በቆሎ አሸክማ ስትመለስ እትዬ አስካለ በር ላይ አገኘቻት፤ «እንዴት ነው የባኮ ገበያ?» አለቻት። «ደህና ነው፣ ተመስገን» አለች እናቴ። ገብታ በሩን ዘጋችና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች፤ እኛም እንደሷ አፋችንን ይዘን አለቀስን። የሺ አልፈተንም ብላ ደብተሯን ወርውራ ነበር። እማዬ ደብተሩን ከመሬት አነሳችና፣ «እህቴን ለከንቱ ነው የቀበርኳት? ትፈተኛለሽ!» አለቻት። ድምፅዋን አልረሳውም።

የሺ አለፈች፣ አዲስ አበባ ተምራ ነርስ ሆነች፤ የሸነኖቹም ጠብቀው ጠብቀው ሌላ አጩ። እኛ ግን ሙት ዓመት ማውጣት አልቻልን፣ ጠበል ጠዲቅ ማቅመስ አልቻልን፤ በቁሟ ሳለች መንደሩ በልቶላታል፣ አልቅሶላታል፣ እድሩም አንዴ ከፍሏል። ቤቱ ተሽጧል፤ ጓሮው ላይ አሁን ፎቅ ቆሟል። አባዬንም እማዬንም ደረቴን እየመታሁ፣ ስማቸውን እየጠራሁ፣ እስኪወጣልኝ አልቅሼ ቀብሬያቸዋለሁ። ለአክስቴ ግን እስከ ዛሬ ድምፄን አውጥቼ አላለቀስኩላትም።